የ87ቱ ወንበር

የደርጉ መሪ መንግሥቱ ኃይለማርያም ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ከአገር ወጡ፤ በሳምንቱ የአማፂዎቹ ግንባር ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሽግግር ለምን እንደታሰበው እንዳልሆነ ሲጠየቅ ብዙ ሰው ጣቱን የሚቀስረው በኋለኞቹ ምርጫዎች ላይ ነው። በእኔ እምነት ግን ነገሩ የተበላሸው ገና በሰኔ 1983፣ በአፍሪካ አዳራሽ ማን እንደሚቀመጥ ሲወሰን ነው።

ከሰኔ 24 እስከ 28 በዚያ አዳራሽ የተካሄደው የሽግግር ጉባኤ ያጸደቀው ቻርተር ዛሬም ቢነበብ ክፉ አይወጣለትም። ዓለም አቀፉን የሰብአዊ መብቶች መግለጫ ተቀብሏል፤ የመናገርና የመደራጀት ነጻነትን ደንግጓል። ከሽግግሩ የተወካዮች ምክር ቤት 87 ወንበሮች ኢሕአዴግ 32ቱን፣ የኦሮሞ ነጻነት ግንባር (ኦነግ) 12ቱን ያዙ። የደርግ ፓርቲ የነበረው ኢሠፓ እንዳይገባ ተደረገ። ይሁን እንጂ በደርግ እጅ አባሎቻቸው ያለቁባቸው ኢሕአፓና መኢሶን የተባሉት ድርጅቶችም ከደጅ ቀሩ። ከሁሉ የከበደው የጦሩ ጉዳይ ነበር፤ የቀድሞው ሠራዊት ተበትኖ የአንዱ ድርጅት የኢሕአዴግ ታጋዮች የአገር መከላከያ ሆኑ። ኦነግ በሰኔ 1984 ከክልልና ከወረዳ ምርጫው ራሱን አግልሎ ከሽግግር መንግሥቱ ሲወጣ ታዲያ ጸቡን የሚዳኝ ገለልተኛ ኃይል ከየት ይምጣ? ቻርተሩ አገር አቀፍ ምርጫ በሁለት ዓመት፣ ቢራዘም በስድስት ወር ጭማሪ እንዲካሄድ ቢያዝም ሽግግሩ አራት ዓመት ፈጀ። ኅዳር 29 ቀን 1987 ሕገ መንግሥቱን ያጸደቀው ጉባኤም በአንድ ወገን ሰዎች የተሞላ ነበር።

«ያኔ ሌላ ምን አማራጭ ነበር?» የሚሉ አሉ፤ የሚናቅ ክርክር አይደለም። ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ዚያድ ባሬ ሲወድቁ ሶማሊያ ለዓመታት መንግሥት አልባ ሆና ቀርታ ነበር። ኢትዮጵያ ከዚያ መትረፏ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ጸጥታ ማስከበር አንድ ነገር ነው፣ የነገን መንግሥት ብቻን መቅረጽ ሌላ። ደቡብ አፍሪካውያን ከአፓርታይድ ገዢዎች ጋር ሳይቀር ተደራድረው ጊዜያዊ ሕገ መንግሥት አወጡ፤ በ1986 ዓ.ም. በዚያው መሠረት መረጡ። «ገዳይ ከተገዳይ ጋር እንዴት ይቀመጣል?» ለሚል ደግሞ መልሴ ወንጀለኛን የሚዳኘው ፍርድ ቤት ነው የሚል ነው። የደርግ ባለሥልጣናትም በልዩ ዐቃቤ ሕግ ተከሰው ተፈርዶባቸዋል። ኢሕአፓንና መኢሶንን ለማግለል ግን ይህ ምክንያት ሊሆን አይችልም።

በ2014 የተቋቋመው የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን ፊት የቆመውም ይኸው የወንበር ጥያቄ ነው። ኮሚሽኑ ከመጡት ይልቅ ስላልመጡት፣ በተለይም ጠመንጃ ስላነሡት፣ አብዝቶ ይጨነቅ።