አዲስ ካርድ፣ አሮጌ ፍጥነት፦ ግራፊክስ ካርድ ከተለወጠ በኋላ ጌም ለምን ይዘገያል?



የዛሬው ርዕስ ለእንዲህ ያለ መድረክ ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል። አንድ ሰው ገንዘብ አጠራቅሞ አዲስ ግራፊክስ ካርድ ይገዛል፤ ይሰካዋል፤ ጌሙን ይከፍታል። ፍጥነቱ ግን እንደ ቀድሞው ነው፤ አንዳንዴም ከቀድሞው የባሰ ይቆራረጣል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ፍርድ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «ካርዱ የተበላሸ ነው» ወይም «ሻጩ አታለለኝ»። ይህ ፍርድ ከልኬት በፊት ስለሚመጣ ሁለተኛ ወጪ ያስከትላል። ደህናው ካርድ በኪሳራ ይሸጣል፣ ሌላ ይገዛል፣ ችግሩ ግን ከነበረበት አይነቃነቅም። እኔ ለማሳየት የምሞክረው ጥያቄው በአብዛኛው «ካርዱ ምን ሆነ?» ሳይሆን «ማን ማንን እየጠበቀ ነው?» የሚል መሆኑን፣ መልሱም በጥቂት ደቂቃዎች ልኬት የሚገኝ መሆኑን ነው።

ነገሩን ለመረዳት «በሰከንድ ስንት ፍሬም» ከማለት ይልቅ አንዱ ፍሬም የሚወስደውን ጊዜ ማሰብ ይሻላል። በሰከንድ 60 ፍሬም ማለት ለእያንዳንዱ ምስል 16.7 ሚሊሰከንድ ያህል አለ ማለት ነው፤ 144 ፍሬም ከሆነ 6.9 ሚሊሰከንድ ብቻ። በዚያች አጭር ጊዜ ሁለት ሠራተኞች ይሳተፋሉ። ፕሮሰሰሩ የጌሙን ዓለም ያሰላል፤ ማን የት እንደቆመ፣ ምን ከምን ጋር እንደተጋጨ፣ ጠላት ወዴት እንደሚዞር ይወስናል፤ ከዚያም በድራይቨሩ አማካይነት የሥዕል ትእዛዞችን ያዘጋጃል። ግራፊክስ ካርዱ ትእዛዞቹን ተቀብሎ ምስሉን ይሥላል። ካርዱ ይህን ፍሬም ሲሥል ፕሮሰሰሩ ቀጣዩን ስለሚያዘጋጅ፣ የመጨረሻውን ፍጥነት የሚወስነው በግምት የሁለቱ ጊዜ ድምር ሳይሆን የዘገምተኛው ጊዜ ነው።

በቁጥር እንየው። ፕሮሰሰሩ ለአንድ ፍሬም 14 ሚሊሰከንድ፣ አሮጌው ካርድ ደግሞ 22 ሚሊሰከንድ ይፈልጋሉ እንበል። ዘገምተኛው ካርዱ ነውና ፍጥነቱ በሰከንድ 45 ፍሬም ያህል ነው። አሁን ሥራውን በ9 ሚሊሰከንድ የሚጨርስ ካርድ ተገዛ። ገዢው በሰከንድ 111 ፍሬም ይጠብቃል፤ የሚያገኘው ግን 71 ነው፤ ምክንያቱም አሁን ዘገምተኛው ፕሮሰሰሩ ሆኗል። ካርዱ በየፍሬሙ 5 ሚሊሰከንድ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ፕሮሰሰሩ ከመጀመሪያውም 22 ሚሊሰከንድ የሚፈልግ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ገንዘቡ ሁሉ ወጥቶ አንድ ፍሬም እንኳ ባልተጨመረ ነበር። የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች በዚህ ላይ ጂን አምዳል በ1967 ያቀረበውን ሐሳብ ታስታውሱ ይሆናል፤ የሥራውን አንድ ክፍል ማፋጠን የሚያስገኘው ትርፍ ባልተፋጠነው ክፍል ይገደባል። በጌም ሁኔታው እንዲያውም የከፋ ነው፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚሠሩ፣ ዘገምተኛ ያልሆነውን ማፋጠን የሚያስገኘው ትርፍ ከምንም አይቆጠርም።

ታዲያ ከቀድሞው የባሰ መቆራረጥ ከየት ይመጣል? ካርዱ ዘገምተኛ በነበረ ጊዜ የፍሬሞቹ ጊዜ ተቀራራቢ ነበር፤ የሥዕል ሥራ ከፍሬም ወደ ፍሬም እምብዛም አይዘልልምና። የፕሮሰሰሩ ሥራ ግን ይዘልላል። አዲስ የካርታ ክፍል ሲጫን፣ ፍንዳታ ሲነሣ፣ ከበስተጀርባ ሌላ ፕሮግራም ሲነቃ በድንገት ይከብዳል። ቀድሞ በካርዱ ዝግታ ተሸፍኖ የነበረው መዋዠቅ አሁን ይገለጣል። አማካይ ቁጥርም ይህን ይደብቀዋል። 99 ፍሬሞች እያንዳንዳቸው በ10 ሚሊሰከንድ፣ አንዱ ደግሞ በ100 ሚሊሰከንድ ቢወጡ አማካዩ በሰከንድ 92 ፍሬም ገደማ ይሆናል። ቁጥሩ ያማረ ነው፤ ዓይን ግን በየሰከንዱ አንድ ጊዜ መደናቀፍ ያያል። ስለዚህ አማካይ ፍጥነት ብቻ የሚነግራችሁን መለኪያ አትመኑት፤ እጅግ የዘገዩትን አንድ በመቶ ፍሬሞች ለይቶ የሚያሳየውን ፈልጉ።

ልኬቱ ራሱ ቀላል ነው። ጌሙ በተመሳሳይ ቦታ እያለ ሪዞሉሽኑን ከ1920 በ1080 ወደ 1280 በ720 ዝቅ አድርጉ። የፒክሰሎቹ ብዛት ከሁለት ሚሊዮን በላይ ከሚሆን ወደ 920 ሺህ ገደማ ይወርዳል፤ የካርዱ ሸክም በእጅጉ ይቀንሳል፣ የፕሮሰሰሩ ግን እንዳለ ይቀራል ማለት ይቻላል። ፍጥነቱ ከጨመረ ዘገምተኛው ካርዱ ነበር። ካልተነቃነቀ ካርዱ ሲጠብቅ የቆየ ነው፤ ሌላ ካርድ መግዛትም አይረዳም። ሁለተኛው ምስክር የካርዱ የሥራ መጠን ነው፤ ፍጥነቱን የሚገድብ ሌላ ነገር ሳይኖር ካርዱ ከ95 በመቶ በላይ የሚሠራ ከሆነ ዘገምተኛው እርሱ ነው፤ በ50 ወይም በ60 በመቶ ላይ የሚዋልል ከሆነ የሚጠብቀው ነገር አለ።

በዚህ ላይ ብዙ ተማሪ የሚሰናከልበትን ነጥብ ልጨምር። ታስክ ማናጀር ከፍቶ «ፕሮሰሰሩ 30 በመቶ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ ችግሩ እርሱ አይደለም» ማለት ስሕተት ነው። ይህ ቁጥር የሁሉም የሥራ መስመሮች አማካይ ነው። 12 መስመር ባለው ፕሮሰሰር አንዱ መስመር ሙሉ በሙሉ ቢጨናነቅ በአማካዩ ላይ የሚታየው 8 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ጌሙ ደግሞ ዋና ሥራውን በአብዛኛው በዚያ በአንዱ መስመር ላይ ይጭናል።

ወደ ፕሮሰሰሩ ከመድረሳችን በፊት ግን በነጻ የሚታረሙትን ማለፍ ተገቢ ነው። የሞኒተሩ ኬብል በማዘርቦርዱ ሳይሆን በአዲሱ ካርድ ላይ መሰካቱ ይታይ፤ የሚያስቅ ቢመስልም የሚያጋጥም ነገር ነው። 144 ኸርትዝ ሞኒተር ካርድ ከተለወጠ በኋላ ሳይታወቅ ወደ 60 ሊመለስ ይችላል። የአሮጌው ካርድ ድራይቨር ቅሪት ይጽዳ፣ በተለይ ከአንዱ አምራች ወደ ሌላው የተዛወረ ሰው። ባዮስ ከታደሰ ደግሞ የራም ፍጥነት ወደ መነሻው ይመለሳል፤ በ3200 ሲሠራ የነበረ ዲዲአር4 በ2133 ሊሠራ ይችላል። ራሙ አንድ ዘንግ ብቻ ከሆነም ኪሳራ አለው፤ አንድ የዲዲአር4 3200 ዘንግ በሰከንድ 25.6 ጊጋባይት ሲያስተላልፍ ሁለት ዘንጎች በየቻናላቸው 51.2 ያስተላልፋሉ። ይህ ሁሉ የሚያደክመው ካርዱን ሳይሆን ፕሮሰሰሩን ነው፤ ሰው ግን ካርዱን ይከስሳል።

በአገራችን ገበያ ስለሚሸጡት ያገለገሉ የቢሮ ኮምፒውተሮች አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የብዙዎቹ ፓወር ሰፕላይ አነስተኛ ነው፤ ለካርድ የሚሆን ተጨማሪ ኬብልም የለውም። ማዘርቦርዱ በማስገቢያው በኩል ለካርድ የሚሰጠው እስከ 75 ዋት ነው። ከዚያ በላይ የሚፈልገውን ካርድ ከሃርድ ዲስክ ኬብል በሚወጣ መቀጠያ መመገብ አደገኛ ነው፤ የሳታ ማገናኛ በ12 ቮልት የሚችለው 54 ዋት ሲሆን ባለ 6 ፒኑ ማገናኛ ግን እስከ 75 ዋት ይስባል። ማገናኛው ሊቀልጥ ይችላል። ምልክቱንም ለዩ፦ የኃይል እጥረት አብዛኛውን ጊዜ ኮምፒውተሩን በድንገት ያጠፋዋል፤ ሙቀት ግን የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች በደህና አሳልፎ ቀስ በቀስ ያዘገየዋል።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ጥፋቱ በካርዱና በአሮጌው ማዘርቦርድ መጋጠሚያ ላይ ነው። በጥር 2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የኤኤምዲ አርኤክስ 6500 ኤክስቲ አራት የፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመር ብቻ አለው። በአራተኛው ትውልድ ማዘርቦርድ ላይ በሰከንድ 8 ጊጋባይት ያህል ያስተላልፋል፤ በሦስተኛው ትውልድ ግን ግማሹን። የካርዱ ሜሞሪ 4 ጊጋባይት ብቻ ስለሆነ ጌሙ ከዚያ ሲበልጥ ትርፉ በዚያች ጠባብ በር መመላለስ ይጀምራል። ርካሽ ካርድ የሚገዛው አሮጌ ማዘርቦርድ ያለው ሰው መሆኑ ደግሞ ነገሩን ያሳዝነዋል።

ከዚህም የሚያስተምረው የኢንቴል አርክ ቢ580 ነው። በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. በ249 ዶላር ወጣ፤ 12 ጊጋባይት ሜሞሪ ስላለው ተመስግኖ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ፈተናዎች ግን በገበያው ካሉት እጅግ ፈጣን ፕሮሰሰሮች ጋር የተደረጉ ነበሩ። በቀጣዩ ወር ፈታሾች ያንኑ ካርድ ከአሮጌ ፕሮሰሰሮች ጋር ሲሞክሩት በአንዳንድ ጌሞች ፍጥነቱ ከተፎካካሪው በእጅጉ በልጦ ወረደ። ድራይቨሩ በፕሮሰሰሩ ላይ የሚጭነው ሥራ ከባድ ነበርና። ካርዱ አልተበላሸም፤ ፈተናውም ሐሰት አልነበረም፤ የተለካው ግን የገዢው ኮምፒውተር አልነበረም። የቤተ ሙከራ ውጤት ስታነቡ «ከምን ጋር ተለካ?» የሚለውን ጥያቄ የማነሣው ለዚህ ነው።

ልኬቱ ፕሮሰሰሩን ካመለከተ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ምንም አያስወጣም፦ ካርዱ ሥራ ፈት ነውና የምስሉን ጥራትና ሪዞሉሽኑን ከፍ አድርጉ፤ የጥላውን፣ የሩቅ ዕይታውንና የሕዝቡን ብዛት ግን ቀንሱ፤ እነዚህ ፕሮሰሰሩን ያደክማሉ። ፍጥነቱ ባይጨምርም ምስሉ ያምራል። ሁለተኛው ማዘርቦርዱ የሚቀበለውን የተሻለ ፕሮሰሰር መፈለግ ነው። ለምሳሌ የኤኤም4 ማዘርቦርድ በ2017 እ.ኤ.አ. የተገዛ ቢሆንም፣ አምራቹ የባዮስ ማደሻ ካወጣለት፣ በ2022 የወጣውን ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ ሊቀበል ይችላል። የዚህ ፕሮሰሰር ሦስተኛ ደረጃ ካሽ 96 ሜጋባይት ነው፤ ጌም ደግሞ ካሽ ይወድዳል። ባዮሱን ማደስ ያለባችሁ ግን አሮጌው ፕሮሰሰር ገና ሳይነቀል ነው።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።