መዝገበ ቃላቱ ምን ይላል?

«ሠዓሊ» በየትኛው «ሰ» ይጻፋል የሚል ክርክር ሲነሣ ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚቋጨው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ምን ይላሉ በሚል ጥያቄ ነው። በ1948 ዓ.ም. የታተመው የግእዝ መዝገበ ቃላታቸው ይህን ያህል የታመነው ስለ ገነነ ስማቸው ብቻ ነው ቢባል አይዋጥልኝም። መጽሐፉ ፍርዱን ከነምስክሩ ያቀርባል። በግእዝ «ሰአለ» ለመነ፣ ጠየቀ ማለት ነው፤ «ሠዐለ» ደግሞ ሥዕል ሣለ። አማርኛ ሁለቱን በአንድ ድምፅ ቢጠራቸውም ሥራቸው ለየቅል ነው። አለቃ ግእዙን ከዕብራይስጥ፣ ከዐረብኛና ከሱርስት ጋር እያስተያዩ ስለሚሄዱ፣ አንባቢው የሳቸውን ቃል ብቻ ይዞ አይቀርም። ዐረብ አገር ሠርቶ የተመለሰ ሰው «ሰአለ» እዚያም ጠየቀ ማለት እንደሆነ ጆሮው ይመሰክርለታል። ለእኔ የአመኔታው ሥር ይኸው ነው፤ መጽሐፉ ራሱን ለፈታኝ ክፍት አድርጎ ሰጥቷል።

ሥራው የትውልድ ቅብብል መሆኑ እውነት ነው። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀመሩት፣ ለደቀ መዝሙራቸው ለኪዳነ ወልድ አደራ አሉ፣ ከእሳቸው ዕረፍት በኋላ ደስታ ተክለ ወልድ ለኅትመት አበቁት። ታዲያ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ስሕተትም ይወረሳል የሚል ቢኖር ልክ ነው፤ ቅብብል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ ሌላ ምስክር ያስፈልጋል። ጀርመናዊው ዲልማን በ1865 እ.ኤ.አ. የግእዝ መዝገበ ቃላቱን በላቲን ሲያሳትም መነሻው አውሮፓ የደረሱ ብራናዎች እንጂ የጉባኤ ቤት ትምህርት አልነበረም። በሌላ መንገድ የመጡ ሁለት ሊቃውንት በአንድ ቃል ላይ ሲገናኙ እምነታችን ይጠነክራል፤ ሲለያዩ ደግሞ ወደ ጥንታዊው ጽሑፍ መመለስ ግድ ይላል።

ፊደሎቹ በአማርኛ አንድ ድምፅ ከሆኑ ወዲህ የግእዝ መዝገበ ቃላት ምን አገባው የሚሉም አሉ። ስለ ዛሬው አማርኛ አጻጻፍ ብቻውን ይወስን ብዬ እኔም አልከራከርም፤ ቃሉ ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ግን ከእሱ ሌላ ወዴት ይኬዳል? የሚያሳዝነኝ መጽሐፉን ሳይገልጡ ስሙን ብቻ ጠርቶ ሰውን ዝም ማሰኘት ነው። መዝገቡ የተደረደረው በ«አበገደ» ተራ ነው፤ «ሀለሐመ» ብቻ የለመደ ሰው መጀመሪያ ግራ መጋባቱ አይቀርም፣ ቃሉን ፈልጎ ሲያገኝ ግን ፍቺውን ብቻ ሳይሆን ዘመዶቹንም አብሮ ያገኛል።