የማይታየው ሥራ፦ ከሶማሊያ መጠለያ እስከ ጎግል



በዚህ ረመዷን ከተራዊሕ ሶላት በኋላ አንዲት እናት መስጂዱ በር ላይ አስቆሙን። «ሸኻችን፣ ልጄ ሌሊቱን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተጥዶ ያድራል። ሥራ ፈልግ ስለው፣ ማሽን የሚማርበትን መሠረት መሥራት እየተማርኩ ነው ይለኛል። ማሽን ደግሞ ይማራል እንዴ? ይሄ እንጀራ ይሆናል?» አሉን። እኛ በሉሕና በቀለም ያደግን ነንና ወዲያው መልስ አልነበረንም። ልጁን ለኢፍጧር ጠርተን ጠየቅነው። እሱም የአንድ ሰው ታሪክ አጫወተን፤ ኋላም እኛው አንብበን አጣራን።

ሰውየው ጄፍ ዲን ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1968 የተወለደ አሜሪካዊ ነው። አባቱ የቆላ በሽታዎች ተመራማሪ ነበሩ። በ13 ዓመቱ የስምንተኛ ክፍልን የመጨረሻ ወራት ትቶ ወላጆቹን ለማገዝ ምዕራብ ሶማሊያ ወደሚገኝ የስደተኞች መጠለያ ሄደ። በዚያ ዘመን ሶማሊያ ተጠልለው ከነበሩት ብዙዎቹ ከኦጋዴን ጦርነት የሸሹ ወገኖቻችን ናቸው። ይህን ገጽ ከምታነቡት መካከልም ዘመዱ በዚያ ያለፈ አይጠፋም። ልጁ ወደ አገሩ ተመልሶ ሁለተኛ ደረጃ ሲማር፣ የጤና ባለሙያዎች የወረርሽኝ መረጃ የሚሰበስቡበትን ኤፒ ኢንፎ የተባለ ፕሮግራም በመጻፍ ሥራ ተሳተፈ።

እ.ኤ.አ. በ1990 የመጀመሪያ ዲግሪውን ሲጨርስ የመመረቂያ ጽሑፉን የሠራው «የነርቭ መረብ» በሚባለው ስሌት ላይ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ኮምፒውተሩን ሕግ አትነግረውም፤ ብዙ ምሳሌ እያሳየህ፣ ሲሳሳት እያረምከው ራሱ እንዲለይ ታደርገዋለህ። መድረሳ የገባ ሕፃን አሊፍን የሚያውቀው ስለ አሊፍ ትንታኔ ሰምቶ አይደለም፤ አይቶ፣ ተሳስቶ፣ ታርሞ ነው። ዲን 32 ማስሊያዎች ያሉት ማሽን ተጠቅሞ ይበቃል ብሎ ነበር። አልበቃም፤ የሚያስፈልገው ከዚያ እጅግ የበዛ ኃይል ነበር። ሐሳቡን አስቀምጦ ወደ ሌላ ሥራ ሄደ።

እ.ኤ.አ. በ1999 ጎግል ገባ። በማግሥቱ ዓመት መጋቢት ላይ የፍለጋው ማውጫ መታደሱን ካቆመ ቆይቶ ነበር፤ ሰው ሲፈልግ የሚያገኘው የአምስት ወር አሮጌ ነገር ሆነ። ኮዱን ቢመረምሩት ስሕተት የለበትም። ዲንና ጓደኛው ሳንጄይ ጌማዋት መረጃውን እስከ ዜሮና አንድ ድረስ ወርደው ሲያዩት፣ በርካሽ የተገዙት ማሽኖች ማስታወሻ ተበላሽቶ አንዳንዱ ዜሮ አንድ ሆኖ ተገኘ። እዚህ ላይ እኛ ሉሕ ትዝ አለን። ቀለሙ ሳይደርቅ አንዲት ነጥብ ከፈሰሰች «ራ» «ዛ» ትሆናለች፤ ቃሉም ሌላ ቃል ይሆናል። ሁለቱ ማሽኑን አልጣሉትም፤ ማሽኑ እንደሚሳሳት አውቆ የሚሠራ ኮድ ጻፉ። ሁለቱም በአንድ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው፣ አንዱ ሲጽፍ ሌላው እየተከታተለ ያርማል፤ እንደ ሐፊዞች ሙራጀዓ።

እ.ኤ.አ. በ2004 ማፕሪዲውስ የተባለውን ዘዴያቸውን ለዓለም አስታወቁ። ሲገባን ከፊጥራ ቆጠራችን ብዙም አይርቅም። እያንዳንዱ ሰፈር የራሱን ቤተሰቦች ይቆጥራል፤ ከዚያ ሁሉም በየዓይነቱ ተሰብስቦ ይደመራል። አንዱ ቆጣሪ ቢታመም ቆጠራው አይቆምም፤ የእሱን ሰፈር ሌላው እንደገና ይቆጥረዋል። እነሱ ይህንኑ በሺዎች በሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች ላይ አደረጉት።

እ.ኤ.አ. በ2011፣ ከ21 ዓመት በኋላ ማለት ነው፣ ዲን ከአንድሩ ንግና ከግሬግ ኮራዶ ጋር ሆኖ ወደዚያ ተቀምጦ ወደነበረ ሐሳብ ተመለሰ። በማግሥቱ ዓመት 16,000 ማስሊያዎች ተያይዘው 10 ሚሊዮን ምስል ታየባቸው፤ ይህ ድመት ነው ያላቸው ሳይኖር መረቡ የድመትን ፊት ለየ። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ በድርጅቱ አንድ ስሌት ተሠራ፦ ሰዎች በቀን ሦስት ደቂቃ ብቻ ስልካቸውን በድምፅ ቢያናግሩ፣ የጎግል የኮምፒውተር ማዕከላት በእጥፍ መጨመር ነበረባቸው። ሸክሙ ሳይመጣ ለዚሁ ሥራ ብቻ የሚሆን ቺፕ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ ጀመረ። በዚያው ዓመት ኅዳር አካባቢ ቴንሰርፍሎው የተባለው መሣሪያቸው ለማንም በነፃ ተለቀቀ።

እኛን የሚከነክነን እዚህ ላይ ነው። በነፃ የተሰጠ መሣሪያ በሽታ የሚፈልግ ሐኪምም፣ የሰው ድምፅ አስመስሎ የሚያጭበረብርም ይይዘዋል። ደግሞም ማሽኑ የሚያውቀው ያስነበቡትን ያህል ነው። አማርኛ ጎግል ትርጉም ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2016 ሲሆን፣ ቋንቋችን ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር የሚያስነብበው ጽሑፍ ጥቂት ነው። ስለዚህ ፈትዋ ከስልክ የምትጠይቁ ልጆቻችን፣ እባካችሁ ዓሊም ጠይቁ። ልጁንም «መሠረቱን የሠራኸው አንተ ከሆንክ፣ በላዩ ለሚቆመው ቤት ትጠየቃለህ?» አልነው። ዝም ብሎ ቆየና «ሸኻችን፣ እስካሁን ከኮዱ አልፌ አላሰብኩም» አለ። ከተዘጋጀ መልስ ይህ እውነቱ ደስ አሰኘን።

ለእናቱም እንጀራ እንደሚሆን፣ ግን እንደ ሱቅ ንግድ በዓመት እንደማይታይ ነገርናቸው። «ሃያ አንድ ዓመት ልጠብቅ?» ብለው ሳቁብን። እሳቸውም አልተሳሳቱም፤ የቤት ኪራይ ሃያ አንድ ዓመት አይጠብቅም። ልጁ ቀን ቀን ሥራ ሊፈልግ፣ ማታ ሊማር ተስማሙ።

እስከዚያው የመስጂዱን የፊጥራ መዝገብ ሰጥተነዋል። ትናንት ማታ ሁለት ጊዜ የተመዘገቡ አንዲት አሮጊት አገኘ፤ በአንዱ ሰፈር «ሐሊማ» በሐመሩ ሐ፣ በሌላው «ሀሊማ» በሀሌታው ሀ ተጽፈው። ደስ ብሎት ሊያሳየን መጣ። ከዚያ ጥቂት ቆይቶ ፊቱ ተለወጠ፤ ምናልባት ሁለት ሐሊማዎች ቢሆኑስ? አንዷን ብንሰርዝ ድርሻዋን ነጥቀናታል። ዛሬ ከዐስር በኋላ ሁለቱም ሰፈር ሄዶ በር ሊያንኳኳ ነው።