ጥላ ያለው ሁሉ መከላከያ ያለው አይደለም

አነስተኛ ትራክተር የሚገዛ ባለሀብት የዋናው ዕቃ ዋጋ ከተቆረጠ በኋላ ሌላ ድርድር ይጠብቀዋል። ጥላ፣ ካቢን፣ ስፕሪንግ ያለው ወንበር፣ መብራትና ሬዲዮ በየተራ ይቀርቡለታል። ሁሉም “ምቾት” ቢባሉም ጥቅማቸው እኩል አይደለም።

ገዢን የሚያሳስተው ጥላው ነው። ተራ ጥላ ፀሐይ ይከልላል እንጂ ትራክተሩ ቢገለበጥ ክብደቱን አይችልም። ሾፌሩን ከመጨፍለቅ የሚያድነው ለዚሁ ተፈትኖ የተሠራው የብረት ቅስት ነው፤ ያውም ቀበቶ ከታሰረ። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1959 አዳዲስ ትራክተሮች ይህ መከላከያ እንዲኖራቸው አስገድዳለች። ስለዚህ ገዢው ሻጩን የፈተና ምልክቱን ያሳየኝ ይበል።

ቀጥሎ ወንበሩ ይታይ። በሄክታር ተዋውሎ ለሚያርስ ሰው ወገቡ የታመመ ሾፌር የቆመ ትራክተር ማለት ነው። በሾፌሩ ክብደት ልክ የሚስተካከል ወንበር ይመረጣል።

ማረሻና መከስከሻ በቀን ደጋግሞ የሚቀያይር ፈጣን ማያያዣ ያዋጣዋል። ሆኖም ማያያዣው መሣሪያውን ትንሽ ወደ ኋላ ስለሚያርቀው፣ ኃይል የሚያስተላልፈው ዘንግ ርዝመት አስቀድሞ ይለካ።

ካቢን ከነማቀዝቀዣው በአቧራና በፀሐይ ቀኑን ሙሉ ለሚውል ይጠቅማል፤ በፍራፍሬ ዛፎች መካከል ለሚሠራ ግን ቁመቱ ዕዳ ነው። ሬዲዮው ተራውን ይጠብቅ።