ሻንጣ ውስጥ የተገኘችው ወፍ

በዚህ ዕትም ስለ አንዲት ወፍ ላጫውታችሁ ነው። ብዙዎቻችሁ ሶሪትን ሳታውቋት አትቀሩም። አረንጓዴ ናት፣ ስትበር ግን ክንፏ ቀይ ሆኖ ይታያል። የዛሬዋ ወፍ የሶሪት ዘመድ ናት። ሳይንቲስቶች እነዚህን ዘመዳሞች ሁሉ ቱራኮ ይሏቸዋል፤ እሷን ደግሞ "የሩስፖሊ ቱራኮ"። በዓለም ላይ የምትኖረው በደቡብ ኢትዮጵያ ብቻ ነው፤ በነጌሌና በአሬሮ አካባቢ ባሉ የጥድ ደኖችና ዛፍ በሚበዛባቸው ቦታዎች።

ሩስፖሊ ማነው? የጣሊያን ልዑል ነው። ደቡብ ኢትዮጵያን እየዞረ እንስሳትና ዕፅዋት ይሰበስብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1893 ዝሆን ገደለው። በኋላ ዕቃው ሲታይ ማንም ሳይንቲስት የማያውቃት ወፍ ተገኘች። (በሕይወት አይደለም እንግዲህ፣ ደርቃ ነው!) ችግሩ ግን የት እንደተያዘች የሚገልጽ ጽሑፍ የለም። የሚጠየቀው ሰው ደግሞ ሞቷል። በ1896 ሳልቫዶሪ የሚባል የወፍ ሊቅ በሩስፖሊ ስም ሰየማት፤ አገሯ የት እንደሆነ ሳይታወቅ ግን ከአርባ ዓመት በላይ አለፈ። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ነው አሬሮ ጫካ ውስጥ "የተገኘችው"። እኔ ይሄ "ተገኘች" የሚለው ቃል ያስቀኛል። የአሬሮ እረኞች መቼ ጠፋቻቸው? የጠየቃቸው ሰው ስለሌለ ነው እንጂ።

መልኳን ልንገራችሁ። ሰውነቷ አረንጓዴ፣ የዓይኗ ዙሪያ ቀይ፣ ራሷ ላይ የቆመው ቁንጮ ነጭ ነው። የክንፏ ቀይ ቀለም ውስጥ መዳብ አለ! አዎ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚሠራበት መዳብ። የአረንጓዴው ነገር ደግሞ የባሰ ነው። የብዙ ወፎች አረንጓዴ ላባ ውስጥ አረንጓዴ ቀለም የለም፤ ብርሃን ሲያርፍበት ነው እንደዚያ የሚመስለን። የቱራኮዎች ግን የእውነት አረንጓዴ ቀለም ነው።

ምግቧ በብዛት ፍራፍሬ ነው፣ ሾላ ትወዳለች። ረጅም መንገድ መብረር ላይ እምብዛም ናት፤ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ እየዘለለች መሮጥ ይቀናታል። ስለዚህ ዛፍ ከሌለ መሄጃ የላትም። ደኑ ደግሞ ለማገዶና ለእርሻ እየተቆረጠ ነው። ሌላም አለ፦ ከሶሪት ጋር ትዳቀላለች። ድቅሎቹ ከበዙ ንጹሕ ዘሯ ሊጠፋ ይችላል።

ነጌሌ ወይም አሬሮ ዘመድ ያላችሁ ልጆች፣ ለእረፍት ስትሄዱ ፍሬ ያለው ሾላ ሥር ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ቁንጮው ጠቆር ያለ ከሆነ ሶሪት ናት፤ ነጭ ከሆነ እሷ ናት። ቀኑንና ቦታውን ጽፋችሁ ለክበባችን አምጡልን፤ በሚቀጥለው ዕትም እናወጣዋለን።