አዲስ ጀልባ ወይስ አሮጌ? በጣና ሐይቅ ላይ የአንድ ዓሣ አጥማጅ ሒሳብ

ጀልባ ለዓሣ አጥማጅ በሬ ለገበሬ እንደ ሆነው ነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን ንጽጽሩ እስከ መጨረሻው አይዘልቅም። በሬ የሚገዛ ሰው ጥርሱን ከፍቶ ዕድሜውን ያያል፤ አስነድቶ አረማመዱን ይመለከታል፤ ትከሻው ላይ የቀንበር ቁስል እንዳለ በእጁ ይዳስሳል። የጀልባ ዕድሜ የሚታወቅበት ክፍል ግን ውሃ ውስጥ የተደበቀው ነው፤ ከውሃ በላይ ያለውም ቢሆን ቀለም ይቀባል።

ይህን ጉዳይ እንድንመረምር ያነሣሣን ከመካከላችን የአንዱ አጎት ናቸው። እሳቸው ከልጅነታቸው ጀምረው በባሕር ዳር አካባቢ በታንኳ ሲያጠምዱ ኖረው፥ በመጨረሻ ጥቂት ገንዘብ አጠራቅመው ሞተር ያለው ጀልባ ለመግዛት አሰቡ። ሁለት መንገድ ቀረበላቸው፤ አንዱ አዲስ ጀልባ በብድር ማሠራት፥ ሁለተኛው ለሽያጭ የቀረበ አሮጌ የእንጨት ጀልባ መግዛት ነበር። «እናንተ ሒሳብ የተማራችሁ ልጆች ናችሁና አስሉልኝ» ብለው ላኩብን። እኛም ነገሩ ቀላል መስሎን ተቀበልን።

በመጀመሪያ ስለ ሐይቁ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚገኝ፥ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎሜትር የሚበልጥ፥ ጥልቀቱ ግን በጣም በጠለቀበት ቦታ እንኳ 14 ሜትር ያህል ብቻ የሆነ ሐይቅ ነው። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ በነፋስ ቶሎ ይናወጣል። ስለዚህ ጠዋት እንደ መስታወት ረግቶ የነበረው ሐይቅ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣበት አጭርና ቁጡ ማዕበል ያወጣል። ከዳር ርቆ መረብ የጣለ ሰው ሞተሩ ቢጠፋበት፥ ወይም ሳንቃው ቢከፈትበት፥ የጉዳቱ መጠን በብር ብቻ አይለካም። አሮጌ ጀልባ ርካሽ ነው የሚል ሰው ይህን አስቀድሞ ማሰብ አለበት።

ለጣና ሰው አዲስ ወይስ አሮጌ የሚለው ጥያቄ ራሱ አዲስ ነው። ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው፤ ደንገል ደግሞ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፥ ይበሰብሳል፤ በጥቂት ወራት ውስጥም ከጥቅም ውጭ ይሆናል። ስለዚህ አሮጌ ታንኳ የሚሸጥ ሰው የለም፤ ቢኖርም የሚገዛው የለም። በተለይ በዚህ ሙያ የታወቁት ወይጦዎች ታንኳውን ሲያረጅ ትተው ሌላ ያስራሉ። ዋጋው ጉልበትና ደንገል ነው እንጂ ብድር አይደለም። (ኖርዌጃዊው ቶር ሄየርዳል እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1969 «ራ» በተባለች የደንገል መርከብ ከሞሮኮ ተነሥቶ አትላንቲክን ለመሻገር ሲሞክር፥ ደንገሉ የተወሰደው ከጣና ነበር። መርከቧ ከብዙ ሳምንታት ጉዞ በኋላ ውሃ ስለ ገባባት ለመተው ተገደደ፤ ታንኳ አሳሪዎቹ ይህን ቢሰሙ ብዙ የሚደነቁ አይመስለንም።)

ሞተር ያላቸው ጀልባዎችና ረጃጅም መረቦች ለገበያ ማጥመጃነት ወደ ሐይቁ የገቡት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1986፥ በኛ 1978 ዓ.ም. ገደማ፥ በተጀመረ የዓሣ ሀብት ልማት ፕሮግራም ነው። ከዚያ በፊት አጥማጁ በታንኳው ዳር ዳሩን እየሄደ በተለይ ቆሮሶ ይይዝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን የሐይቁ መካከልና የሩቅ ወንዞች አፍ ሁሉ ተደራሽ ሆነ። ይህን ነገር አንባቢ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ አሮጌው ጀልባ እንምጣ። የተሸጠው ጀልባ በሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ አምሮ ነበር። ከመካከላችን አንዱ አናጢ ጎረቤቱ እንደ መከረው ወስፌ ይዞ ሄዶ ነበር። የእንጨት ጀልባ ሲመረመር ቀለሙን ማየት ሳይሆን እንጨቱን መውጋት ይገባል፤ ጤነኛ እንጨት ወስፌውን ይመልሳል፥ የበሰበሰው ግን እንደ ዳቦ ይቀበለዋል። የሚወጋውም ቦታ የትም አይደለም። በቀይ ባሕር እንደሚደረገው እንጨት የሚበላ የባሕር ትል መፈለግ እዚህ አያስፈልግም፤ ያ ትል የሚኖረው በጨው ውሃ ነው። ይሁን እንጂ ጨው እንጨትን ከሻጋታ በመጠኑ ስለሚጠብቀው፥ ጨው የሌለው ውሃ በአንጻሩ መበስበስን ያፋጥናል። በተለይ የሚጎዳው ጀልባው የሚንሳፈፍበት ውሃ ሳይሆን ከላይ የሚዘንበውና ከወለሉ ሥር ተጠራቅሞ የሚቀረው ነው። ስለዚህ የወለሉን ሳንቃ አስነሥቶ ከሥሩ ማየት፥ ከፊት እስከ ኋላ የሚዘረጋውን ዋናውን የመሠረት እንጨት በየክንዱ መውጋት፥ ሳንቃና ሳንቃ የሚገናኙበትን ስፍራ መመርመር፥ ምስማሮቹም ዝገው እንጨቱን አጥቁረውት እንደ ሆነ ማየት ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ ግን ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላው ሳንቃ መታየት አለበት። የሞተሩን ክብደትና ግፊት ሁሉ የሚሸከም እርሱ ነው፤ ለብሎን በተበሱት ቀዳዳዎችም ውሃ ይገባበታል።

በዚያ በሰማያዊው ጀልባ ላይ ወስፌው የኋላውን ሳንቃ እስከ እጀታው ድረስ ገባ። ሻጩ እርጥበት ነው፥ ፀሐይ ሲመታው ይጠነክራል አሉ። የበሰበሰ እንጨት ሲደርቅ ይቀላል እንጂ አይጠነክርም። አጎታችን ግን አልተከራከሩም፤ ቀለሙን አመስግነው ተሰናበቱ።

የብረት ጀልባ ቢሆን ምርመራው በመዶሻ ነው፤ የሳሳው ብረት ድምፁ ይለያል። ፋይበርግላስ የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ጥቃቅን ስንጥቅና እንደ ቃጠሎ ውሃ የቋጠረ እብጠት ይፈለጋል። ስለነዚህ ብዙ አልመረመርንም።

ሞተሩ የተለየ ፍጥረት ነው። ብዙ ገዢዎች ጀልባና ሞተርን እንደ አንድ ዕቃ አይተው አንድ ዋጋ ይከፍላሉ፤ ስሕተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ይመስለናል። የጀልባው አካልና ሞተሩ የተለያየ ዕድሜ አላቸው፤ የሚያረጁበትም ምክንያት አይገናኝም። አሮጌ ሞተር ሲፈተሽ አስቀድሞ ሞቆ እንዳልቆየ በእጅ መዳሰስ ይገባል፤ የሞቀ ሞተር በቀላሉ ይነሣልና ድካሙን ይደብቃል። ከተነሣ በኋላ ማቀዝቀዣው ውሃ ሳይቋረጥ መውጣቱ ይታያል። የማርሽ ዘይቱ ጥቂት ተቀድቶ ሲታይ ወተት የመሰለ እንደ ሆነ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በጣና የታየው እምቦጭም ፕሮፔለሩን ስለሚጠመጥምና የውሃ መግቢያውን ስለሚዘጋ፥ በዚያ በኩል የሠራ ሞተር በሙቀት ተጎድቶ ሊሆን ይችላል።

አዲስ ሞተር ለሚገዛም አንድ ነገር እናስታውስ። በፋብሪካው የተጻፈው ጉልበት በባሕር ጠለል ላይ የተለካ ነው። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ሞተሩም በየ300 ሜትሩ ከመቶ 3 ያህል ጉልበት ያጣል። በጣና ከፍታ ይህ ከመቶ 18 ያህል ነው። 25 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተገዛው ሞተር በሐይቁ ላይ ከ20 እምብዛም አይበልጥም። ይህን ያላወቀ ሰው ሞተሩ ደካማ ነው ብሎ ሻጩን ይከሳል፤ የሚሻለው ግን በአንድ ዙር የሚገፋበት ርቀት ያጠረ ፕሮፔለር ማስገጠም ነው።

ቀጥለን ወደ ተጠየቅነው ሒሳብ ገባን። የገበያ ዋጋ ስለሚለዋወጥ በብር ሳይሆን በእጅ እናስላ። አዲሱ ጀልባ ከነሞተሩ 100 እጅ ያወጣል፥ 15 ዓመትም ያገለግላል እንበል። አሮጌው 40 እጅ ያወጣል፥ 5 ዓመት ያገለግላል፥ በመጨረሻም 5 እጅ ይሸጣል፤ ግን ከአዲሱ ይልቅ በየዓመቱ 3 እጅ ተጨማሪ ጥገና ይፈልጋል። ገዢው በእጁ ያለው 30 ነው፤ የቀረውን በዓመት ከመቶ 15 ወለድ ይበደራል።

አዲሱን ለመግዛት 70 ይበደራል። በሦስት ዓመት ቢከፍለው ወለዱ ጠቅላላ 21 ይሆናል፤ 121ን ለ15 ዓመት ስናካፍለው በዓመት 8 ያህል ነው። ለአሮጌው የሚበደረው 10 ብቻ ነው፤ በአንድ ዓመት ቢከፍል ወለዱ አንድ ተኩል ይሆናል። ይህን ከዋጋው ጋር ደምረን፥ የሚሸጥበትን 5 ቀንሰን ለ5 ዓመት ስናካፍልና ጥገናውን ስንጨምር በዓመት ከ10 ይበልጣል። ስለዚህ አዲሱ ይረክሳል! እኛም ይህን ጽፈን፥ ደስ ብሎን፥ ለአጎታችን አነበብንላቸው።

እሳቸው ግን የጠየቁት ሌላ ነበር፤ በመጀመሪያው ዓመት ስንት እከፍላለሁ? አሉ። ይህን ስናሰላ ነገሩ ተገለበጠ። አዲሱን የገዛ ሰው በመጀመሪያው ዓመት ከዋናው 23፥ ከወለድ ደግሞ ከ10 በላይ፥ በጠቅላላው 34 ያህል ይከፍላል። አሮጌውን የገዛ ሰው ብድሩንም ጥገናውንም ጨምሮ የሚያወጣው 14 ተኩል ነው። አዲሱ ጀልባ በአሥራ አምስት ዓመት ይረክሳል፤ በአንድ ዓመት ግን ከእጥፍ በላይ ዓሣ ይጠይቃል።

ያ ዓሣ ከየት ይመጣል? በዚህ ላይ ጥቂት መቆየት እንፈልጋለን፥ ጉዳዩ የአንድ ሰው ኪስ ብቻ መሆኑ የሚቀረው እዚህ ላይ ነውና። በጣና ውስጥ አብዛኞቹ ከሌላ ስፍራ የማይገኙ 15 ዓይነት ላቤዎባርበስ የተባሉ ዓሦች አሉ። ከእነዚህ ቢያንስ ሰባቱ በክረምት፥ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፥ እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ወንዞች ይወጣሉ፤ ከመውጣታቸውም በፊት በርብ፥ በጉማራ፥ በመገጭና በሌሎቹም ወንዞች አፍ ይሰበሰባሉ። በዚያን ጊዜ አንድ መረብ የሚይዘው በሌላ ወር ከሚይዘው እጅግ ይበልጣል። የሚያዘው ግን ገና ያልወለደው ነው። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት በሐይቁ ደቡባዊ ክፍል በተደረገ ክትትል የእነዚህ ዓሦች ብዛት ሦስት አራተኛ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል፤ ከዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱም ይህ በወንዝ አፍ የሚደረግ ማጥመድ ነው።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ለገበያ የሚያጠምድ ሰው ፈቃድ እንዲኖረው አዟል። ሕጉ መልካም ነው። ሆኖም በመስከረም የብድር ክፍያ የሚጠብቀው ሰው በነሐሴ ከጉማራ አፍ ላይ መረቡን አንሥቶ ቤቱ እንዲቀመጥ ማድረግ ከሕጉ አቅም በላይ ይመስለናል። 14 ተኩል የሚከፍል ሰው ክረምቱን ሊያርፍ ይችላል፤ 34 የሚከፍል ግን አይችልም። ከዓሣው ጋር የሚዋጋው መረቡ ብቻ ሳይሆን የክፍያው ቀን ጭምር ነው። ዓሣ በደንብ የሚሸጠው በዐቢይ ጾም ወራት ነው፤ እንግዲያውስ አበዳሪዎች በየወሩ እኩል ከሚቀበሉ ይልቅ ከፋሲካ በኋላ አብዛኛውን ቢቀበሉ ለእነርሱም አይጎድልባቸውም። ይህን የምንለው የባንክ ሥራ አውቀን አይደለም፤ ነገር ግን ለእህል ገበሬ ክፍያው ከመከር በኋላ ይሁን ሲባል የሚደነግጥ የለም።

አጎታችን ከሁለቱ አንዱንም አልመረጡም። ከሰማያዊው ጀልባ በኋላ ቀለም የሌለው፥ መልኩም የማያስደስት ሌላ የእንጨት ጀልባ ተገኘ፤ ወስፌው ግን የትም አልገባለትም። ሞተሩን ለሻጩ ትተው አካሉን ብቻ በ20 እጅ ገዙ፤ የኋላውን ሳንቃ በ5 አሳደሱ፤ አነስ ያለ አዲስ ሞተር በ25 ገጠሙ። ከ50ው ውስጥ 20 ተበደሩ፤ በሁለት ዓመት ለመክፈል ስለ ተስማሙም የመጀመሪያው ዓመት ክፍያ 13 ሆነ። ጀልባው 7 ዓመት ቢያገለግል የጥገናው 3 ሲጨመርበት በዓመት ወደ 11 ያህል ይወጣል። በረጅሙ ሒሳብ ከሦስቱም የሚወደደው ይህ ነው፤ ይህንንም ነግረናቸዋል። የሚወደደው ለትርፉ ነው፥ የምገዛበት ግን ክረምቱን ነው ብለው መለሱልን።

ሐምሌ ሲገባ ጀልባው ከውሃ ወጥቶ፥ ዝናብ እንዳይጠራቀምበት በድንጋይ ላይ ተደፍቶ ነበር። እሳቸው በአዲስ ታንኳ ዳር ዳሩን ቆሮሶ ያጠምዱ ነበር።