የሰይፍ ኃይሉ በያዘው እጅ ነው

የዛሬው ንግግራችን ስለ ተአምረኛ ሰይፍ ነው።

በቅርቡ ከእህቴ ልጅ ጋር እዚሁ ኢየሩሳሌም በኢትዮጵያ ጎዳና ስናልፍ፣ ልጁ በቴሌቪዥን ያየውን ሰይፍ አንስቶ «አጎቴ፣ እንዲህ ያለ ሰይፍ በእውነት ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም የማውቀውን አጫወትኩት።

የአየርላንድ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ካላድቦልግ ስለሚባል ሰይፍ ይተርካሉ። ትረካው በ12ኛው መቶ ዓመት በብራና ተጽፎ ቆይቷል። የሰይፉ ባለቤት ፈርጉስ የሚባል ጀግና ሲሆን፣ ሰይፉ ሲሰነዘር እንደ ቀስተ ደመና ይዘረጋ ነበር ይባላል። ፈርጉስ ዋስ የሆነላቸውን ሰዎች ንጉሡ ኮንኮባር በክህደት ስላስገደላቸው፣ ተቀይሞ ወደ ጠላት አገር ተሰደደ። በኋላም በጦር ሜዳ ሲገናኙ የገዛ ወገኖቹን ሊፈጅ ሰይፉን አነሳ። በዚያን ጊዜ የንጉሡ ልጅ ኮርማክ አቅፎ ይዞ ለመነው። ፈርጉስም ምቱን ወደ ኮረብቶች መለሰው። የሦስት ኮረብቶች አናት ተቆረጠ፤ ሰዎቹ ግን ከዚያ ምት ተረፉ።

ልጁ ይህን ሰምቶ «የእኛስ?» አለ። «የእኛማ ሩቅ አይደለም» ብዬ በእጄ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሃር ሐጾፊም አመለከትኩት። ብዙ ሊቃውንት የካህናቱ ከተማ ኖብ በዚያ አካባቢ እንደነበረች ይናገራሉ።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 21 እንደምናነበው፣ ዳዊት ከሳኦል ሸሽቶ ባዶ እጁን ኖብ ደረሰ። ካህኑም የጎልያድን ሰይፍ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከተቀመጠበት ከኤፉዱ ኋላ አውጥቶ ሰጠው። ዳዊት ቀድሞ የጎልያድን ራስ የቆረጠው በዚሁ ሰይፍ ነበር።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ሳኦል ይህን በሰማ ጊዜ ካህናቱ እንዲገደሉ አዘዘ። የንጉሡ ወታደሮች እጃቸውን በካህናት ላይ አናነሳም አሉ። ኤዶማዊው ዶይቅ ግን ትእዛዙን ተቀብሎ በአንድ ቀን 85 ካህናት ገደለ፤ ከተማይቱንም አጠፋ። ዳዊት ወሬውን ሲሰማ ጥፋቱን በራሱ ላይ አደረገ። መጽሐፉ ያ ታላቅ ሰይፍ ከዚያ ወዲህ የት እንደደረሰ አይነግረንም። የሟቾቹን ቁጥር ግን ጽፎ አስቀምጦልናል።

ልጁ ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «እንግዲያው ጀግኖቹ እምቢ ያሉት ወታደሮች ናቸው» አለኝ። እኔ የምጨምርለት አልነበረኝም።

ወላጆች ሆይ! ዛሬ ልጆቻችን የሰይፍ ታሪክ የሚሰሙት ከቴሌቪዥን ነው። እዚያ የሚታየው የሰይፉ ስለት ብቻ ነው። ስለዚህ ሲጠይቁን «ተረት ነው» ብለን አንለፋቸው። ማን እንደመታ፣ ማን እጁን እንደሰበሰበ፣ ማን ዋጋውን እንደከፈለ እንንገራቸው። እኛ ካልነገርናቸው ማን ይነግርልናል?

ሰላም ሁኑ።